ዛሬ ጥቅምት አሥራ ስምንት ነው

የወዳጄ የኦላና የቀብር ሽኝት ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒዩተሬ በሩን ዘጋብኝ። ልጁ ሶሬሳ ከፐርዝ፣ «ጋሼ አምደሚካኤል፣ በዚህ ሊንክ ቀብሩን በቀጥታ ያዩታል» ብሎ ባለፈው ዓርብ በኢሜይል ልኮልኝ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀመጥሁትን ስነካው፣ ቀይ ምልክት ያለበት ነጭ ገጽ ብቅ አለና ግንኙነትህ የግል አይደለም አለኝ። መረጃህን የሚሰርቁ ሊኖሩ ይችላሉ ይላል። ባለቤቴ አጸደ ከሞተች ወዲህ አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ከዚህ የበለጠ የግል ምን አለ?

ከኦላና ጋር ሱዳን ካምፕ ሳለን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰናል። እዚህ ፈረንጅ አገር መጥተን ዲር ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ አዲስ የመጣውን የአገር ልጅ ሁሉ እየያዘ ሥራ የሚያስገባው እሱ ነበር። ከአገሪቱ ሌላ ዳር፣ ፐርዝ ልጁ ዘንድ ከሄደ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ከሳምንት ሳምንት አማርኛ የማወራው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ጉልበቴ ለአውሮፕላን አልሆን ስላለኝ፣ በዓይኔ እንኳ ልሸኘው ብዬ ጥቁር ሱፌን ለብሼ ተቀምጫለሁ።

ሊንኩን ደጋግሜ ነካሁት። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» ብዬ ጠረጴዛውን ብመታው እጄን አመመኝ እንጂ እሱ ምን ገዶት። ስልኬ ደግሞ ከመደወል ሌላ የማታውቅ አሮጌ ናት። ቀን ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ሽኝቱ ተጀመረ። ብሪዝበን ያለችውን ልጄን ራሄልን በሥራ ሰዓት ከመረበሽ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

«ዳዲ፣ አይ አም አት ወርክ» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ። ኦላና እየተሸኘ ነው፤ ገጹ አልከፈት አለኝ።»

ድምጿ ለሰለሰ። «ኦኬ። ምን ይላል?»

አነበብሁላት።

«ሌላ ዌብሳይትስ?»

ሞከርሁ። ሁሉም ያንኑ ይላል።

«ከታች ጥጉ ላይ ያለው ዴት ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«ሁ ቼንጅድ ኢት?»

«እኔ ነኛ፣ እሑድ ዕለት። ዛሬ ጥቅምት አሥራ ስምንት አይደል እንዴ? ትክክል ነው!»

የእናቷ ሙት ዓመት በመስከረም ሳላውቀው አልፎብኝ ነበር። በሐበሻና በፈረንጅ ዘመን መቁጠሪያ መካከል ስባዝን፣ ሻማ እንኳ ሳላበራላት መዋሌን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በራሴ አፈርሁ፤ ንዴቴን ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ተወጣሁት። ከእኔ ጋር የሚኖር ዕቃ እንደ እኔ ይቁጠር ብዬ፣ ግማሽ ቀን ታግዬ ቀኑን ወደ ሐበሻ ለወጥሁት። ይህን ለራሄል አልነገርኋትም።

«አባዬ፣ እያንዳንዱ ሳይት ሰርተፍኬት አለው፤ ላይክ መታወቂያ» አለች። «የተሰጠበት ቀን ተጽፎበታል። ያንተ ኮምፒዩተር ግን በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ላይ ነው ያለው፤ ለእሱ መታወቂያው ገና አልወጣም። ፎርጅድ ነው ብሎ ነው የሚከለክልህ።»

እሷ በቃል እየመራችኝ ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለስሁት። ገጹ ያለ አንዳች ክርክር ተከፈተ። ራሄል፣ «አለቃዬ እየጠራችኝ ነው፣ ላቭ ዩ» ብላ ዘጋች።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጸሎቱ አልቋል። ካሜራው የተተከለው ከአዳራሹ ኋላ ነው፤ ሳጥኑ፣ ሶሬሳና ሚስቱ፣ ደግሞም የማላውቃቸው አራት ሰዎች ይታያሉ። አስከሬን ሲወጣ ተቀምጦ ማየት ነውር ነውና ተነሥቼ ቆምሁ። «ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ!» ብዬ ጮኼ አለቀስሁ። ምን ሆንህ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ባዶ ሲቀር ዓይኔን ጠረግሁ። ከምስሉ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ በቀጥታ የሚከታተሉ፣ አንድ ትላለች። አንዱ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ የአገር ልጅ ፋብሪካ ያስገባ ሰው፣ ከሩቅ ሆኖ ያየው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

የባሰው ሐሳብ የመጣብኝ ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ቀን ሲደርስ ራሄል ሳጥኑ አጠገብ ትቆማለች፤ ይህን አልጠራጠርም። ከሩቅ ሆኖ ሊያለቅስልኝ የሚችለው ግን ኦላና ብቻ ነበር።