ምጽዋ የሚያርፉበት ቤት

የአጋሮ ቡና ማበጠሪያ ሠራተኞች ዕንባቆምን የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ አድርገው ሲመርጡት፣ ሽልማቱ ብርድ ልብስ ወይም ሜዳልያ ይሆናል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ምጽዋ ሆኖ አረፈው። ባልና ሚስት ደሴቲቱ ላይ ሁለት ሳምንት አርፈው፣ ባሕር አይተው ይመለሱ ተባለ። መጓጓዣውን መሥሪያ ቤቱ ይችላል፤ ማደሪያው ከራስ ኪስ ነው። ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ራስህ አምጣ የሚል ሽልማት ከደርግ ዘመን በቀር የት ይገኛል።

ሚስቱ ልያ ግን ቅር አላላትም። ሁለቱም የከምባታ ልጆች ናቸው፤ ለቡና ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ለመዝናናት ብለው ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ እሷ ያየችው ትልቁ ውኃ ጊቤ ነው። ስለዚህ ቡና ጭኖ ወደብ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ይዛ ስለ ማደሪያ ታደርቀው ጀመር። ባሕሩ ዳር መስኮቱ ወደ ውኃው የሚከፈት ሆቴል አለ፤ የአንድ ሌሊቱ ዋጋ የእሷን የስምንት ቀን የለቀማ ደሞዝ ይበላል። ወደቡ ጀርባ በሙቀቱ ምክንያት ደጅ ላይ አልጋ ዘርግተው የሚያከራዩ አሉ፤ ርካሽ ነው፣ መርከበኛና ሰካራም ግን ሌሊቱን ሙሉ በአጠገብ ያልፋል። የሠራተኞች ማረፊያ የሚባልም አለ፤ በነጻ ነው ማለት ይቻላል፣ ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ፣ ማታ ማታ ውይይት። ውይይቱንማ እዚሁም ጠግበነዋል አለች ልያ፣ ባልን ለብቻ አስተኝቶ ባሕር ማየትም አልዋጥ አላት።

መላው የመጣው ከውቢት ነው። ውቢት የእህል ነጋዴ ናት፤ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እነ ልያን ጨምሮ አሥራ አራት አማኞች በየዓርቡ በእሷ ቤት በድብቅ ይሰበሰባሉ። ጎረቤት ሲጠይቅ ቡና ለመልቀም ነው ይባላል። ዕንባቆም ግን ይህ ሕሊናውን ቆጠቆጠውና፣ ቡና እንለቅማለን ካልን እንልቀም እንጂ ብሎ አስቸገረ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሰፌዱን ይዞ እየለቀመ ይጸልያል። ሰውየው እንዲህ ነው። ውሸት አይወጣውም፤ ሲጠየቅ ዝም ማለትም አልፈጠረበትም።

ውቢት የሰጠቻቸው ስም ሣህሉ ይባላል። ምጽዋ ወደብ ላይ ጭነት መዛኝ ነው፤ በእሱም ቤት እንዲሁ በድብቅ ይሰበሰባሉ። አማኝ ወንድም ባለበት አገር አልጋ መከራየት ደግሞ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ቤት ያፈራው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ልያ ደስታዋን አልቻለችውም።

የቀረው የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ነበር። ቅጹ ላይ የሚያርፉበት ቤት ባለቤት ስምና ዝምድናው ይሞላል፤ ግልባጩ ለሚደርሱበት ቀበሌ ይላካል። ልያ ሆቴል ብለህ ሙላ አለችው። ባላደርኩበት እንዴት ብዬ አላት። መጨቃጨቁን ትታ ዘዴ ዘየደች፤ አንድ ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ ከፍለን እንደር፣ ያኔ እውነት ይሆናል አለችው። አሰበበትና ተስማማ። እሷም በአንድ ዘዴ የባሌን ቃልም ሣህሉንም አዳንኩ ብላ አረፈች።

ሰኞ ለታ ዕንባቆም ከቀበሌ ፊቱ በርቶ መጣ። ነገ አብራችሁ ኑና ማኅተም ይመታላችኋል ተብሏል።

«ምን ብለህ ሞላህ?» አለችው።

«ለስንት ሌሊት ይላል ቅጹ። ሆቴል አንድ ሌሊት፣ አቶ ሣህሉ ቤት አሥራ ሦስት። ዝምድና የሚለው ላይ የእምነት ወንድም።»

ልያ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ቡናው መሬት ላይ ተበተነ። ምን ሆንሽ ይላታል፣ አድራሻው እኮ ልክ ነው። ግልባጩ ሲደርስ የምጽዋ ቀበሌ ሰዎች ሣህሉ ቤት እንደሚገቡ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እዚሁ ይህን ስም ማን ሰጠህ ተብሎ እንደሚጠየቅ ቀስ ብላ ስታስረዳው፣ እሱም ደነገጠ። በጥር ሰቃ ከተማ ላይ እንዲሁ ሲጸልዩ የተገኙ ሰባት ሰዎች ተወስደው ወዴት እንደደረሱ አይታወቅም። ቢጠይቁህ ዝም በል ብላ ለመነችው። እሞክራለሁ አላት፤ እሞክራለሁ ማለቱ ይባስ አስጨነቃት።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ገመቹ ቅጹን ከፊቱ ዘርግቶ ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጴንጤ መሆናቸውንም ድሮ ያውቃል። ሥራ እስከሠሩና እስካልተሰበሰቡ ድረስ አይነካቸውም። ጥበቃው መሣሪያውን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል።

«ሜ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ዕንባቆም» አለ ገመቹ። «አንተ አጋሮ፣ ሰውየው ምጽዋ። ማን አገናኛችሁ?»

ዕንባቆም መሬት መሬት አየ። ገመቹ ደገመለት። በሦስተኛው የባሏ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ልያ አየችው፤ የውቢት ስም አፉ ላይ ደርሷል።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ሰውየው የእኔ ነው።»

ገመቹ አልገባውም።

«ጅማ ሳለ ውሽማዬ ነበር። የእምነት ወንድም ነው ብዬ ባሌን አታለልኩት። እሱ ምንም አያውቅም።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ለራሷም የሌላ ሴት ድምፅ መሰላት። ዕንባቆም ዞሮ አያት፤ ደሙ ከፊቱ ጠፍቷል። ገመቹ አንገቱን አቀረቀረ፤ የሰው ጉድ በመስማቱ እሱ አፈረ። ከዚያ ቅጹን አራት ቦታ ቀደደው።

«ቤትህ ግባ፣ ወንድሜ» አለው ዕንባቆምን። «እንኳን ሳትሄድ ታወቀ።»

ሲወጡ ጥበቃው በር ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ማን ቆሞ ይጠብቃል።

ዕንባቆም ከፊት ከፊት ሄደ። ልያ ስለ ዋሸሁ ይቆጣል ብላ መልሷን እያዘጋጀች ተከተለችው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እውነት ነው?» አላት።

ደነገጠች። አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይህን ይጠይቀኛል ብላ አላሰበችም። ሰው የነገረውን ሁሉ እንደሚያምን ግን ማን እንደ እሷ ያውቃል።

«ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለችው። «የውቢትን ስም ልትጠራ ነበር።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አዎ ልጠራ ነበር አለ፣ እያለቀሰም ደጋግሞ አለው። አሥራ አራት ሰው። ልያ እጁን ይዛ አስነሳችው፤ ባሕሩም ይቅርብን አለችው።

ሰፈራቸው አፋፍ ላይ ዙሀራ ጠበቀቻቸው። ዙሀራ ከልያ ጎን ስምንት ዓመት ቡና የለቀመች፣ ልያ ስትታመም ልብሷን ያጠበች ጎረቤት ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ሮጣ ነው የመጣች። ልያን አልፋ ዕንባቆም ፊት ቆመች፤ ዋሽቶ እንደማያውቅ አጋሮ በሙሉ ያውቃል።

«አስተግፊሩላህ፣ ጥበቃው የሚያወራው ምንድን ነው? ውሸት ነው በለኝ፣ ዕንባቆም። አንተ ውሸት ነው ካልክ እኔ ገበያ ወጥቼ አፋቸውን አስይዛለሁ።»

ውሸት ነው ቢል ነገሩ ማታውኑ ገመቹ ጆሮ ይገባል፤ ማን አገናኛችሁ የሚለውም ጥያቄ ይመለሳል። ልያ ይህን ስታስብ የባሏን ፊት አየች፤ እሱም እያሰበው ነበር። ዙሀራም ትጠብቃለች።

«እውነት ነው» አለ ዕንባቆም።

ልያ ልክ ይህን ስትመኝ ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ውሸት። አሁን ግን በጥፊ እንደተመታች ፊቷ ጋለ። ዙሀራ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ልያን ደህና ዋይ እንኳ ሳትላት ቤቷ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።