ሠላሳ ስምንት መስፈርት

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። ፍርሃቴን የምሸፍንበት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ናልድዋይክ በምትባል ከተማ ውስጥ ቲማቲም የሚበቅልባቸውን የመስታወት ቤቶች አየር በኮምፒውተር የምንቆጣጠር አሥር ሰዎች ነን። መስኮቱ መቼ ይከፈት፣ ውሃው መቼ ይቁም የሚለው ሕግ ግን ያለው አንጋፋዋ አትክልተኛችን ሪኔከ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ጥርቅም። እሷ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች። ስለዚህ አለቃችን ገና በጥር "ሹርድ፣ አትክልተኛ የሚያነበው ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ሥራላትና ሳትሄድ ሕጎቿን ትጻፍበት" አለኝ።

ለዚህ የተዘጋጁ የሶፍትዌር መሣሪያዎች አሉ። የቋንቋህን ሰዋስው ስትሰጣቸው መጻፊያውን፣ ስህተት ጠቋሚውንና ተርጓሚውን አንድ ላይ ያወጡልሃል። ስድስት አገኘሁ። አንዱን አንስቶ መጀመር የሌላ ሰው ወግ ነው፤ እኔ ሠላሳ ስምንት መስፈርት አወጣሁ። ለየመስፈርቱ ክብደት ሰጠሁ፣ በክብደቱም ላይ ስብሰባ ጠራሁ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው እንኳ ቅር እያለው ምንም ስለማይወሰን የስብሰባው ቁጥር ዘጠኝ ደረሰ። ሠንጠረዡ ሲያስቸግረኝ ደግሞ መሣሪያዎቹን በየመስፈርቱ የማወዳድርባት አንዲት ትንሽ ቋንቋ ሠራሁ። ያኔ ኮርቼባት ነበር።

ሪኔከ በመጨረሻ የሥራ ቀኗ የአይብ ዳቦዋንና አሬራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እሺ፣ የትኛውን መረጥክ?"

"ሁለቱ በጣም ተቀራርበዋል። አንድ ስብሰባ ብቻ ቢጨመር…"

ስክሪኔን አየች። "ይቺ ማወዳደሪያህ በምን ተሠራች?"

"ከስድስቱ በአራተኛው። እጄ ላይ ስለነበረ ነው እንጂ መርጬው አይደለም።"

"ስንት ቀን ፈጀችብህ?"

"ሁለት። በየካቲት።"

ዳቦዋን አኝካ ዋጠች። "እና በየካቲት መርጠሃላ። ለእኔ አይደለም እንጂ፣ ለሠንጠረዥህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የማወዳደሪያዋን ቃላት በሙቀትና በመስኮት ለዋወጥኩና ወንበሬን ለቀቅኩላት። "ሙቀት ከ26 ሲበልጥ፣ ነፋሱ ከምዕራብ ካልሆነ፣ የምዕራቡ መስኮት ይከፈት" ብላ ጻፈች። ስድስተኛው ሕጓ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ ከሁለተኛው ጋር ይጋጫል።

"ሠላሳ ዓመት ሁለቱንም ስል ኖሬአለሁ" አለችና ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። "ይኼ ነገር በየካቲት ቢኖረኝ ምን ነበረበት፣ ሹርድ?"

ባልደረቦቻችን ወዲያ ማዶ የመሰናበቻ ኬኳን ያለ እሷ ቆረሱት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮቷን ለበሰች። ከሁለት መቶ ምናምን ሕግ አሥራ አራቱን ጽፋለች።

"ነገ ብቅ ብትይስ?"

"ነገማ ጀልባዬ ላይ ነኝ" ብላ በብስክሌቷ ሄደች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ሪኔከ የምትሄድበት ቀን ከሠላሳ ስምንቱ መስፈርት ውስጥ የለም። ሠላሳ ዘጠነኛ አድርጌ ጻፍኩትና ምን ያህል ክብደት እንደሚገባው ሰው ላማክር ቀና አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር የማማክረው ሪኔከን ነበር።