ስልክ አይረሳም
እና ደግሞ አድሚን፣ መግቢያው አድሚን፣ ፓስዎርዱም አድሚን፣ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ማንም አልነካውም፣ ማንም ማለት እኔ ነኝ፣ የዋይፋይ ራውተሩን የገጠምኩት እኔ፣ በየሰው ቢሮ እየዞርኩ ኔትወርክ የማጠብቀው እኔ፣ የእናቴን ግን ወለል አድርጌ ከፍቼ ሄጃለሁ። ይሁን።

እማዬ ከኋላዬ ቆማለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ምን አገኘህበት ትላለች፣ ሐኪም የምትጠይቅ ይመስል፣ ሰው በዝቶበት ነው እላታለሁ፣ ስንደዋወል ድምፄ የሚቆራረጥብሽ ለዚህ ነው፣ ያላት አንድ ስልክ፣ የራውተሩ ዝርዝር ላይ ግን ስንቱ ተኮልኩሏል፣ የልብስ ሰፊዋ ታብሌት፣ ፎቅ ላይ ያለው ሹፌር ሁለት ስልክ፣ ጭራሽ ቴሌቪዥን፣ ይሄ ቴሌቪዥን የማን ነው? የሹፌሩ ይሆናላ፣ ኳስ ያይበታል። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ለሁሉም ሰጠሻቸው? ታዲያ ጎረቤት ጠይቆኝ እምቢ ልበል? ደግሞ አስቀምጬ ነው የሰጠኋቸው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነበብኩ፣ ልብስ ሰፊዋማ ስንሳሳት ስንስቅ አምሽታ ሄደች።

ልሰርዝ። ሁሉንም። ፓስዎርዱን አዲስና ረጅም፣ ምስጠራውን ጠንካራው ላይ፣ ያንን ቁልፍ ተጭኖ ዝም ብሎ የሚያገናኘውን ነገር መዝጋት፣ ለጎረቤት የእንግዳ መስመር ለብቻው፣ ኳሱ የእሷን ጥሪ እንዳያንቀው ገደብ፣ ንጹሕ ሥራ፣ ጣቶቼ በልባቸው ይዘውታል፣ እኔ ባልኖርም ይጨርሱት ነበር።

በየቀኑ የሚቀየር የለም እንዴ? ትላለች እማዬ።

ምኑ? ፓስዎርዱ ነዋ፣ ቢበዛ በየሦስት ቀኑ። ጎሽ፣ እላለሁ በሆዴ፣ በስተርጅና የደኅንነት ነገር ገባት፣ አለቃዬ እንኳ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ምነው እማዬ፣ የተሰረቀ ነገር አለ? ኧረ እኔን ማን ይሰርቀኛል፣ መነጽሯን አውርዳ በሹራቧ ጫፍ ትጠርጋለች፣ አንዴ ከነገርኳቸው ወዲህ እኮ አያንኳኩም፣ ስልካችን ያስታውሰዋል አሉኝ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ይሰማኛል፣ ወጥቼ ግቡ ስላቸው ቸኩለናል ይላሉ።

ደረጃው ላይ። ስመጣ ልብስ ሰፊዋን በጎን አልፌያት ነው የገባሁት፣ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የተቸኮለ ሰው አትመስልም ነበር፣ በእሷና በእማዬ መካከል አንድ በር።

ቀጣዩ ገጽ። ከርቀት መቆጣጠር፣ ይፈቀድ፣ አይፈቀድ። ይፈቀድ የሚለውን ብነካ ከቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ ሁሉን አስተካክላለሁ፣ እሷን እንዳላስቸግር ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ እሷን፣ እንዳላስቸግር፣ ያሳፍራል፣ እኔም እንደ እነሱ ከበር ውጭ ልቀር ነው፣ ደረጃው ላይ እንኳ ሳልቀመጥ።

አይፈቀድ። ለደኅንነትም የሚመከረው ይኸው ነው።

የእንግዳው ፓስዎርድ በየሳምንቱ መቀየር አለበት እላታለሁ፣ በቢሮ ድምፄ፣ በተጨማሪም ራውተሩን የገጠመው ባለሙያ በአካል መገኘት ይኖርበታል፣ እንዲህ ያለ ደንብ የለም፣ የሥራ ባልደረቦቼ ቢሰሙ መሳቂያ ያደርጉኛል፣ በአካል? ትላለች፣ በአካል እላለሁ፣ ትክ ብላ ታየኛለች፣ አላመነችኝም፣ ይህች ሴት ውሸቴን ሁልጊዜ ከአፌ ሳይወጣ ነው የምታውቀው።

ቅዳሜ ይሁን ትላለች፣ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋም ሥራ የላትም። ብቻ በቁልፍህ ከፍተህ እንዳትገባ። አንኳኳ፣ መጥቼ ልክፈትልህ።