እማሆይ ሂንቤኩ

ከጅማ ወደ አጋሮ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ገንጠል ብሎ ቡና መሃል የተደበቀ የእማሆዮች ገዳም አለ። የመቃብር ቦታው በደንብ ቢለካ ከሁለት የቡና ማስጫ አልጋ አይበልጥም። ለይኩን ግን ሲያወራው ጅሬን ካለው ቤተ መንግሥት ግቢ ጋር ያስተካክለዋል፤ ቀኑ ደህና የዋለለት እንደሆነም ያስበልጠዋል።

ለይኩን ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር የቡና ደላላ ነው። የእሱን ያህል የሚያወራ ሰው በምድር ዙሪያ ተፈልጎ ጠፍቷል። አንድ ኬሻ ቡና በእሱ አፍ ካለፈ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሞልቶ ይወጣል። በየዓመቱ ቡናው መቅላት ሲጀምር ገዳሙ ውስጥ ላረፉት ሁሉ ፍትሐት ይደረጋል፤ ያን ዕለት ለይኩን ማንም ሳይሾመው እንግዳውን መቃብር ለመቃብር ያዞራል።

«እኚህ እናት ነብር በመቁጠሪያ አስረው አሳድረዋል» ይላል። «እኚህኛዋ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም።»

«እሷ?» ይላሉ እመምኔቷ እማሆይ አበራሽ ከኋላ። «እሷማ ቅዳሴ ላይ ቆማ ታንኮራፋ ነበር።»

ከዳር፣ ከዝግባው ሥር ያለችው መስቀል ላይ «እማሆይ ሂንቤኩ» ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ያረፈችው ሴት ቆብ እንኳ አልደፋችም፤ ዕድሜዋን የገዳሙን በር ስትጠብቅ ኖራ «የበሯ እማማ» እንደተባለች ነው የሞተችው። ክርስትና ስሟን የሚያውቁት የነፍስ አባቷ ብቻ ናቸው ይባል ነበር፤ እሳቸውም እሷን ቀብረው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። መስቀሉን የጻፈው ልዑል የሚባል ከጎንደር የመጣ ቀለም ቀቢ ነው፤ ጅማን ገና መርገጡ ነበር። አጥር የሚያጥሩትን ሽማግሌ «የኚህኛዋ ስም ማነው?» ቢላቸው «ሂንቤኩ» አሉት። በኦሮምኛ «አላውቅም» ማለታቸው ነው። ልዑል እግዜር ይስጥልኝ ብሎ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ጻፈው። እማሆዮቹ ጎናቸውን እስኪያማቸው ሳቁ፤ በኋላ ግን ቢያጠፉትስ ምን ይጽፋሉ? ተዉት።

ዘንድሮ አዲስ የተመደቡት ቄስ አባ ወልደሰማያት እንዲህ አሉ፦ «ዛሬ እያንዳንዷ በክርስትና ስሟ ትጠራለች። ይህችኛዋን ‹ስሟን አንተ የምታውቃት› ብለን እናልፋለን።»

«እናልፋለን» የምትለዋን ቃል ለይኩን ማለፍ አልቻለም።

ልጅ ሳለ እናቱ ታማ ለጸበል እዚህ የከረመች ጊዜ እሱን የያዘችው የበሯ እማማ ናት። ያን ጊዜም ወሬኛ ነበር። ጊቤን በዋና ተሻግሬ መጣሁ ቢላት አትቆጣም፤ ጉማሬው ጀርባ ላይ ተቀምጬ ነው ቢላትም ውሸታም አትለውም። በሯ ሥር ተቀምጣ ጥጧን እየፈተለች፣ «ከዚያስ?» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሰው ወይ «በቃህ» ብሎታል፣ ወይ ጥሎት ሄዷል። «ከዚያስ?» ያለው ግን የለም።

«ስሟን አውቀዋለሁ፣ አባ» አለ። «ወለተ ሐና ነው።»

እማሆይ አበራሽ ቀና አሉ። «አምና ለጅማዎቹ እንግዶች ‹ወለተ ነገሥት› ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። ከቤተ መንግሥት ሸሽታ ነው የመጣች አላልክም?»

«ብያለሁ፣ እማሆይ።»

«ካቻምናም የአንድ ራስ ልጅ ነበረች።»

«ነበረች።»

ሰው ሳቀ። አባ ወልደሰማያት አልሳቁም። «ልጄ፣ ይኼ ጸሎት ነው። በሌላ ሰው ስም አልጠራትም። ከየት አገኘኸው?»

ለይኩን አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ አንድ ሙሉ ሠራዊት ተሰልፎ ነበር፦ ሰማዩ ሲከፈት፣ ጸበሉ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ ከዝግባው ላይ ርግቦች ሲወርዱ። ሁሉም ለመውጣት ይጋፋል። መስቀሏን አየና ዋጠው፤ እንዲያ ያለ ከባድ ነገር ውጦ አያውቅም።

«ጸበል ወረፋ ላይ ከኋላዋ ነበርኩ» አለ። «የነፍስ አባቷ የሁሉንም ስመ ክርስትና እየጠየቁ ያጠምቁ ነበር። እሷ ዘንድ ሲደርሱ ወለተ ሐና አለቻቸው። ውሃው ይጮኻል፣ አልሰሟትም፤ ደገመችላቸው።»

ሰዉ ቀጣዩን ጠበቀ። አባም ጠበቁ።

«ከዚያስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከዚያማ ተጠመቀች። እኔም ተጠመቅኩ። ብርድ ነበር።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አባ።»

ከአጥሩ ማዶ ቀይ ቡና ይለቅሙ የነበሩት ሴት፣ አዴ ባህሪያ፣ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። እርሻቸው ከመቃብሩ ጋር ይዋሰናል፤ ከሟቿም ጋር በአጥሩ ላይ ያላወሩት ነገር አልነበረም።

«ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው!» አሉ።

«ስሟን ያውቁት ነበር እንዴ?» አሉ እማሆይ አበራሽ።

«እኔማ ጎረቤቴ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ የናንተን የቤተ ክርስቲያን ስም በየት አውቄው። እሱን ግን አውቀዋለሁ። ከእርሻዬ አንድ ዘለላ ሙዝ ሰርቆ ሲያዝ እንኳ ዝንጀሮ፣ ጅብና ፖሊስ ያለበት ታሪክ ነው የነገረኝ። ወላሂ፣ ይቺን የምታህል አጭር ነገር ይኼ ልጅ ከራሱ ሊያወጣ አይችልም!»

አሁን አባ ወልደሰማያትም ሳቁ፤ ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ፊታቸውን ሰበሰቡና ለይኩንን ትክ ብለው አዩት። ለይኩን አንድም ቃል አልጨመረም።

«ይጠራል» አሉ።

ጸናጽሉ ተንሿሿ፣ ዕጣኑ መቃብሮቹን ዞረ። አባ ስሞቹን በዜማ ጀመሩ። ለይኩን ከዝግባው ሥር ቆሞ ስሞቹን በጣቱ ይቆጥራል። ተራዋ ሲደርስ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ቢያንስ ትንሽ ቆም ይላሉ ብሎ ነበር። አላሉም። «ወለተ ሐና» አሉ፣ ከፊቷ የነበሩትን በጠሩበት ድምፅ፤ እማሆዮቹም «ነፍሷን ይማር» አሉ፣ ለሌሎቹ እንዳሉት። ወዲያው ቀጣዩ ስም መጣ።

አዴ ባህሪያ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው፣ «አሏት?» አሉት በሹክሹክታ።

«አሏት።»

«ወለተ ሐና» ብለው ለአፋቸው ሞከሩት። «እንዲህ ያለ ስም ይዛ ዝም አለችኝ፣ ጎረቤቴ! አላህ ይዘንላት።» ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ለይኩን ግን የቀሩት ስሞች ተጠርተው እስኪያልቁ ከቦታው አልተነቃነቀም።