ነገ የሚገዛው ፋሼታ

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ከሞቱ በኋላ ከድብ ባሕር ተነሥተው ጎንደር ልጃቸው ቤት ሲገቡ ይዘው የመጡት መቋሚያ፣ አንድ ከረጢት መጽሐፍና አንድ የጣውላ ሳጥን ነው። መቋሚያውን ከበሩ ጥግ አቆሙት። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ ደረደሩት። ሳጥኑን ግን አልጋቸው ላይ በግርጌ በኩል አኖሩትና ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸውን አጥፈው መተኛት ያዙ።

«አባባ፣ ምነው ወለሉ ላይ ቢቀመጥ?» አላቸው ልጃቸው ህሩይ።

«ወለል የእግር ነው» አሉት።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነጠላ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ወይዘሮ የትነበርሽ የመጨረሻው ሕመም ሳይጥላቸው በእንዶድ አጥበው፣ ፀሐይ አስመትተው፣ በየእጥፋቱ ጠጅ ሳር ሸጉጠው ያስቀመጡት የመሪጌታ ነጠላ ነው። መሪጌታ ጠዋት ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ክዳኑን ገርበብ ያደርጉና አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው መልሰው ይዘጉታል። ምራታቸው ፋሲካ አንድ ቀን ደረሰችባቸውና፣

«ለበዓል እንኳ አይለብሱትም፣ አባባ?» አለቻቸው።

«ከለበስኩት ያድፋል። ካደፈ ይታጠባል። ከታጠበ ደግሞ የየትነበርሽ እጥበት መሆኑ ቀረ።»

ፋሲካ ከዚያ ወዲያ ስለ ነጠላው አላነሣችም። ነርስ ናት፤ የማይነካ ቁስል ታውቃለች።

ችግሩ የመጣው ከአዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጋር ነው። ማሽኑ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ የማፍሰሻ ቱቦው ተለክቶ የተቆረጠ ይመስል ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ አፍ ላይ ልክ ደረሰ። ፋሲካ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ቱቦውን በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«የማኅሌት ልብሴ እጣቢ እዚህ ነው የሚገባው?»

«እጣቢ እኮ ነው፣ አባባ» አለ ህሩይ።

«እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ ወይራው ሥር ነው የደፋችው። እግር ከማይረግጠው።»

«እዚህም ወይራ አለ። ግን ጓሮ ነው ያለው።»

«እኔ መች ወይራውን አምጣው አልኩህ? ውሃውን ውሰደው እንጂ።»

ህሩይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውሃ ምህንድስና ያስተምራል። ውሃ በቱቦ ውስጥ የሚሄድበትን ሕግ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ራሱ የሚፈስ ይመስላል። የቤቱ ቧንቧ ግን ይህን ሕግ አላነበበም፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የሚታወቀው ውሃው ከመጣ በኋላ ነው።

«ሰው እንጥራ» አለች ፋሲካ።

«የምን ሰው? እኔ ምንድን ነኝ?»

«አንተ የምታውቀው የሰሌዳውን ውሃ ነው። እሱ አያርስም።»

እውነቱን መመስከር ይገባል፤ ስሌቱ ትክክል ነበር። በቤቱ ዙሪያ ቢዞር ቱቦው ስለሚረዝም የማሽኑ ፓምፕ ገፍቶ አያደርሰውም። ስለዚህ አጭሩን መንገድ መረጠ፤ በአባቱ ክፍል፣ በግድግዳው ሥር፣ ከአልጋው ኋላ አልፎ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ወይራው። ቀጠን ያለ የአትክልት ጎማ ልሽጥልህ ያለውን ነጋዴ «ውሃው ይታነቃል» ብሎ ገሥጾ ስፋቱ ከማሽኑ ቱቦ ጋር እኩል የሆነውን ገዛ። ከማሽኑ ኋላም ውሃው ተመልሶ እንዳይገባ ቱቦውን ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከአልጋው ኋላ፣ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ግን አንዲት ነገር ጎደለችው። ቱቦውን ጨምቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ፋሼታ፣ ሁለት ያስፈልግ ነበር፤ የገዛው አንድ ነው። አንዱን ጫፍ በፋሼታው አጠበቀ። የሌላኛውን ሊገዛ ቢወጣ ሱቁ ዝግ ሆኖ አገኘው። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበርና ነጋዴው ንግሥ ሄዷል።

ተመልሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አንድ ቀጭን ላስቲክ ቆረጠና ጠምጥሞ ማሰር ጀመረ። መሪጌታ ከንግሡ ገቡ።

«በሚካኤል ሥራ?»

«ሥራ አይደለም፣ አባባ። ማሰር ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን መሪጌታ ለዚህ መልስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ምላሽ ነበራቸው። ግን ቱቦው ወደ ወይራው ሲያመራ አዩና ልባቸው ራራ። «እንግዲህ ማሰርስ… በዓልም ቢሆን ፍየል ይታሰራል» አሉ።

«ነገ ፋሼታ ገዝቼ አጠብቀዋለሁ» አለ ህሩይ።

በማግስቱ ውሃ መጣና ማሽኑ ተከፈተ። መሪጌታ ጓሮ ወጥተው ወይራው ሥር ቆሙ። ህሩይ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ቱቦው አንዴ ተንፈራገጠ፣ ሳል እንደያዘው ሰው ኸኸ አለ፣ ከዚያም ውሃው ቧ ብሎ ወረደ።

«ደረሰ!» አሉ መሪጌታ እንደ ልጅ። «ሸጋ ነው! ሸጋ! ፋሲካ፣ ነይ እይው!»

ፋሲካ አየች፤ ሳቀችም። ግን ስትመለስ አልጋው ኋላ ጎንበስ ብላ ላስቲኩን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ፋሼታውስ?»

«ነገ።»

በኛ ዘንድ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው ይረዝማል። ጊዜያዊው ድልድይ የልጅ ልጅ ያሻግራል፤ ጊዜያዊው ኮሚቴ ጡረታ ይወጣል። የህሩይ ላስቲክም ያዘ። ፋሲካ በጠየቀችው ቁጥር «ይዟል እኮ» ይላታል። መያዙ ነው ጉዱ። ያን ጊዜ ጠብ ጠብ ቢል ኖሮ ህሩይ ተናዶ ፋሼታውን በገዛ ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ የመሪጌታ የድሮ ጎረቤት አያ አለነ ለበዓሉ ከድብ ባሕር መጡ፤ አንድ ከረጢት ባቄላና የሰፈሩን ሐሜት በሙሉ ተሸክመው። መሪጌታ አልጋቸውን ለቀቁላቸው።

«ምነው የኔታ! እኔ ከእርስዎ አልጋ? ሰማዩ ቢናድብኝስ?»

«ሰማዩን ተወው። ውጣ።»

«እኔኮ አጥንቴ መሬት ለምዷል። እርስዎ ከመሬት ተኝተው እኔ እዚህ ላይ ብንጠለጠል ድብ ባሕር ሲሰማ ምን ይላል?»

«እኔስ ‹መሪጌታ ጎንደር ገብቶ እንግዳ መሬት አስተኛ› ሲባል ምን ልበል? ውጣ ብዬሃለሁ፣ አለነ!»

አያ አለነ አልጋው ላይ ወጡ። ለመሪጌታ ፍራሽ ቦታ እንዲገኝ ህሩይ ከባዱን የብረት አልጋ ወደ ግድግዳው ገፋው። አንደኛው የአልጋ እግር ቱቦው ላይ አረፈ፤ ማንም አላየውም። ሳጥኑም መውረድ ነበረበት፤ አያ አለነ ደልደል ያሉ ሰው ናቸውና አልጋው ለሳጥን አይተርፍም። መሪጌታ ሳጥኑን አቅፈው ጥቂት ቆሙ። ወለሉን አዩ። ከረጢት አነጠፉና ግድግዳው ሥር አስቀመጡት።

«ለጥምቀት ብቻ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

በዓሉ አለፈ። አያ አለነ የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ከጎረቤት «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ፋሲካ የጥምቀት አቧራ የጠጣውን ነጭ በነጭ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ሞልታ ከፈተችው። መሪጌታ ሳጥናቸውን ወደ ቦታው ሊመልሱ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ሰበሰቡት። እንግዳ ገና ደጅ ሳይወጣ አልጋው አይነሣም፤ መንገድ ሳይዝም ቤቱ አይጠረግም፤ እንግዳን ጠርጎ ማውጣት ነው ይባላል። ዱሮም ይቺን ወግ ለህሩይ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«እሱን ሸኝቼ እመልሰዋለሁ» አሉ።

«ማሽኑ እስኪጨርስ እኔ ልቅር» አለች ፋሲካ።

አያ አለነ ሰሟት። «ምነው ልጄ፣ ምን አስቀየምኩሽ? እስከ አውቶቡሱ ሳትሸኚኝ?»

«ኧረ አያ አለነ! ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ ነው።»

«ነይ እንሂድ» አለ ህሩይ። «ማሽን ነው እንጂ ሕፃን አይደለም፤ ቢርበው አያለቅስም።»

ሄዱ። ጎንደር ውስጥ መሸኘት ማለት በር ላይ እጅ ማውለብለብ አይደለም። እስከ መንገድ ይወጣል፣ እስከ መናኸሪያ ይኬዳል፣ መናኸሪያ ላይ ደግሞ መኪናው እስኪሞላ ይቆማል። መኪናው ሊሞላ አልቻለም። አያ አለነ አንገታቸውን በመስኮት እያወጡ ሦስቱንም ደጋግመው መረቁ፤ ረዳቱ «አባቴ፣ ምርቃቱን ከውስጥ ያድርጉት» እስኪላቸው ድረስ።

ሲመለሱ አረፋው በር ላይ ተቀበላቸው።

ህሩይ መጀመሪያ የኮረንቲውን ማብሪያ ከቆጣሪው ላይ አጠፋ፤ ያን ያህል ልብ ነበረው። ፋሲካ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መጥረጊያ ፍለጋ ሮጠች። መሪጌታ ግን ጫማቸውንም አላወለቁ፤ ውሃውን እየረገጡ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቱቦው የአልጋው እግር ሥር ተጨፍልቋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ገፍቶ ላስቲኩን አላቅቆታል። ማሽኑ ምን ገዶት፤ ያጥባል፣ ያፈሳል፣ ይሞላል፣ እንደገና ያፈሳል። ያፈሰሰውን ሁሉ ክፍሉ ጠጥቶታል።

ሳጥኑ ከግማሽ በላይ ውሃ ውስጥ ነበር። ጣውላው አብጦ ክዳኑ አልከፈት አለ። ህሩይ ሊያግዝ ቀረብ ሲል መሪጌታ በክርናቸው መለስ አደረጉትና ራሳቸው ፈለቀቁት። ነጠላውን አወጡ። የጠጅ ሳሩ ቅጠል ከእጥፋቱ እየወጣ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። መሪጌታ ጨርቁን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ቆዩ። ሌላውን ጫፍ ፈለጉና እሱንም አስጠጉ።

«ሎሚ ይሸታል» አሉ።

የዱቄት ሳሙናው ሽታ ነው። ካርቶኑ ላይ የሎሚ ሥዕል አለው።

«አባባ» አለ ህሩይ። «ፋሼታውን… እኔ ነኝ ያ…»

«ተው፣ ልጄ። ‹ፍየል ይታሰራል› ያልኩት እኔ ነኝ። ወለል ላይ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ።»

ህሩይ ቢቆጡት በወደደ ነበር። ሲቆጡ ያውቃቸዋል፤ ቁጣቸው ከነግእዙ ረጅም ነው፤ ግን ማለቂያ አለው።

ፋሲካ መጥረጊያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ሞልቷል። «እንዶድ ከገበያ አመጣለሁ፣ አባባ። በእጄ አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ጠጅ ሳርም…»

«እንዶዱ አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሏት ቀስ ብለው። «እንዶድማ ሞልቷል።»

ያኔ ስልካቸው ጮኸ። አያ አለነ ናቸው፤ መኪናው ገና አምባ ጊዮርጊስ አልደረሰም፤ ሰው ናፍቋቸዋል።

«የኔታ፣ በሰላም ገባችሁ? ቤቱ እንዴት ነው?»

መሪጌታ ውሃው ውስጥ ቆመው፣ ነጠላው ከክንዳቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ «ደኅና ነው፣ አለነ። ሸጋ ነው። አንተ ብቻ በሰላም ግባ» አሉ።

ህሩይ ወጣ። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ከሚይዝበት ፊት ለፊት ነው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ የሚያልፍበት፣ ሲመለስ የሚያልፍበት። ፋሼታዎቹ በሽቦ ተሰክተው በሩ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ነፋስ ሲመጣ ይንቃጨላሉ።

«ስንት ልስጥህ?» አለው ነጋዴው።

«አንድ።»

«ለአንድ ፋሼታ ነው እንዲህ ያላበህ?» ብሎ ሳቀ ነጋዴው።

ህሩይ ያን ቀን የሠራው ሥራ እንከን አይወጣለትም። አልጋውን አርቆ ቱቦውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ሰቀለው፣ ፋሼታውን በጠመንጃ መፍቻ አጠበቀው፣ በባዶ ውሃ ደጋግሞ ፈተነው። መገጣጠሚያውን በደረቅ ወረቀት እየጠረገ ወረቀቱን በብርሃን አየው፤ ደረቅ ነው።

እሑድ መሪጌታ የደረቀውን ነጠላ ለበሱና ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ እዚያ ዜማ ከሚያስተምሯቸው ተማሪዎች አንዱ እስከ በር ሸኝቷቸው ነበር። «ምነው የኔታ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ነጠላ ደብቀውብን ኖሯል!» ሲላቸው ፋሲካ ከውስጥ ሰማች። መሪጌታ የመለሱለትን አልሰማችም። ገብተው ነጠላውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ለሚታጠበው ልብስ የተቀመጠው ዘንቢል ላይ አደረጉት።

ውሃ በመጣ ቀን ፋሲካ ነጠላውን ከዘንቢሉ አንሥታ ወደ ህሩይ ዞረች። ህሩይ የማሽኑን በር ከፈተላት። ከሌላው ነጭ ልብስ ጋር አስገባችው።

ህሩይ በዚያ ቀን ከቤት አልወጣም። አልጋው ኋላ ተንበርክኮ መገጣጠሚያውን ሲጠብቅ ቆየ። ውሃው ጉርጉር እያለ አጠገቡ አለፈ። ጠብታ አልወጣም። ተነሥቶ በመስኮቱ አየ።

አባቱ ወይራው ሥር ቆመዋል። እንደ ያኔው «ደረሰ!» አላሉም። ውሃው ሲወርድ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከቱቦው አፍ ሥር አደረጉ፤ አረፋው እጃቸው ላይ ሞላ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁት።

ህሩይ መስኮቱን ሊከፍት መያዣውን ጨብጦ ነበር፤ ሳይከፍተው ቀረ።