በሸሚዝ አንገት ላይ የተሰፋው ቃል

ዓለምእሸት መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለዓመታት የሠራችው ሥራ አንድ ነበር፤ ሸሚዝ አንገት ላይ የአስተጣጠብ መመሪያ ያለበትን ምልክት መስፋት። ትንሿ ጨርቅ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ምን እንደሚል ጠይቃ አታውቅም። ስፌቱ ቀጥ ካለላት ይበቃታል።

ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው ቆመ፤ ታናሽ ወንድሟ ዮሃንስ ሄዶ አልተመለሰም። ሥራ እንደገና ሲጀመር እሱ ይጦራቸው የነበሩት እናታቸው በእሷ እጅ ቀርተው ነበር። ጀርባዋ ደግሞ ማሽን ላይ ማጎንበሱን እምቢ አለ። ወደ ጥራት ቁጥጥር ልዛወር ብላ ስታመለክት፣ “እዚያ የሚገባ የምልክቱን ጽሑፍ አንብቦ መረዳት አለበት” አሏት። በአርባ ስድስት ዓመቷ እንግሊዝኛ ልትማር ተነሣች።

የምታስተምራት ምንትዋብ ትባላለች። ጎንደር ተወልዳ የመቐለ ሰው አግብታ የቀረች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ጎልማሶችን በነጻ ታስተምራለች። ፊደል የሚጋሩ ቃላትን አንድ ላይ ትሰበስባቸዋለች። አንዱን ያወቀ ሌሎቹን ለማንበብ አይቸገርም ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደላት ጽፋ አሰመረችባቸው።

“ደብልዩ፣ ኤ፣ አር። አብረው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ‘ዎር’ ብለን እናነባቸዋለን። እዩ፤ ዎርም። ዎርድ። ሪዎርድ።”

ፊት ለፊት የተቀመጠችው የኔአለም እጇን አወጣች። “መምህር፣ ዎር ብቻውን ሲሆንስ ምን ማለት ነው?”

ምንትዋብ አላሰበችበትም ነበር። ጠመኔው እጇ ላይ ቆመ።

“ጦርነት” አለች ቀስ ብላ።

ተማሪዎቹ ቃሉን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ዓለምእሸት ግን ዓይኗን ዎርም ከሚለው ቃል ላይ አልነቀለችም። ቅርጹን ታውቀዋለች፤ ስትሰፋው የኖረችው ነው። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ምንትዋብ ተከትላት ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

“ምነው፣ ምን አገኘዎት?”

“ስንት ሸሚዝ መሰለሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?” አለች ዓለምእሸት ቀና ሳትል። “በገዛ እጄ የሰው አንገት ላይ ጦርነት ስሰፋ ነው እንዴ የኖርኩት?”

“ኧረ የለም! ዎርም ሌላ ቃል ነው። ሙቅ፣ ለብ ያለ ማለት ነው፤ እናንተ በትግርኛ ምዉቕ የምትሉት። ሸሚዙ ‘ለብ ባለ ውሃ እጠቡኝ’ ነው የሚለው።”

“ፊደሉ ግን ያው ነው።”

“ፊደል ምን ያድርግ? በአማርኛችንስ ጦር ብለን መጦር እንል የለ? በአንዱ ሰው ይሞታል፤ በሌላው እናት ትኖራለች።”

ዓለምእሸት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ፣ “ዮሃንስ ነበር እናታችንን የሚጦራት” አለችና የወንድሟ ለቀስተኛ ከተበተነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች። ምንትዋብም አጠገቧ ተቀመጠች። በጦርነቱ ከጎንደር የሚያገናኘው ስልክ ተቋርጦ እናቷ ትኑር ትሙት ባላወቀችበት ጊዜ እሷንም አጠገቧ ተቀምጠው ያባበሏት የዚህ ሰፈር ሴቶች ነበሩ። አሁን እሷ የዓለምእሸትን እጅ ያዘች።

ዓለምእሸት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

“ሌሎቹስ ምንድን ናቸው?”

“ዎርድ ሆስፒታል ውስጥ የታመመ የሚተኛበት ክፍል ነው። ሪዎርድ ሽልማት።”

“በይ ተነሺ እንግባ፤ ተማሪ እየጠበቀሽ ነው።”

የዝውውሩ ፈተና ቀን የጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ኣታኽልቲ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ዓለምእሸት ምልክቱን ገልጣ ስታየው እነዚያ ሦስት ፊደላት ቀድመው ታዩዋት። በጣቷ ተከተለቻቸው። አራተኛዋን ፊደል፣ ኤምን፣ ፈልጋ አገኘቻት።

“ዎርም” አለች። “ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ።”

“ጎበዝ! ከሥር ያለውስ?”

ከሥር ያለው አስቸገራት። “ወደ ባሕር ዳርቻ... አትውሰዱ?”

ኣታኽልቲ በሣቅ ፈረሰ። “ብሊች እኮ ነው፣ ኣደይ፣ እናቴ፤ በረኪና አትጨምሩ! እርስዎ ያሉት ቢች ነው፤ አንዲት ፊደል ዘለሉ።”

እሷም ከት ብላ ሣቀች፤ መሣቋ ራሷን ገረማት። የቀሩትን ሁሉ አወቀቻቸው። በሚቀጥለው ሰኞ ከማሽኑ ተነሥታ የጥራት ቁጥጥሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

እሑድ ምንትዋብን ቤቷ ጠራቻት። የዓለምእሸት እናት አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ጠበቋት። አማርኛ እምብዛም አይችሉም። ምንትዋብ ጎንበስ ስትል ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው በትግርኛ ረጅም ምርቃት አወረዱባት። ገሚሱን ሰማችው፤ ገሚሱ አለፋት። በየመሐሉ “የቐንየለይ፣ ጓለይ” እያሉ ያመሰግኗታል።

“ምን እያሉኝ ነው?” አለች ዓለምእሸትን ዘወር ብላ።

“ልጄን ደግፈሽ አቆምሽልኝ፤ አንቺንም ባገርሽ ያሉት ወላጆችሽ በሰላም አግኝተው ይቀፉሽ ነው የምትልሽ።”

ምንትዋብ ቀና ማለት አልቻለችም። የሽማግሊቷን ጉልበት ሳመች። “እኔ ነኝ አመስጋኟ፣ እናቴ” አለች በአማርኛ። እሳቸውም ቃሉን ይስሙት አይስሙት፣ እሺ እንደማለት “ሕራይ፣ ሕራይ” እያሉ ፀጉሯን ዳበሱላት።