አንቱታ ያስቀረው ድልድይ

ባሮን አክሴል ሊንደርሼልድ በስዊድን የዳላርና አውራጃ አገረ ገዢ ሆኖ ከተሾመ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከንጉሥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገው፤ በአውራጃው ወንዝ ላይ ድልድይ። ወደ ዋና ከተማው ወደ ስቶክሆልም አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፏል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ! የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት «ይታሰብበታል» ብለው ይመልሱለታል፤ የሚያስቡት ግን ምሳቸውን ነው። ባሮኑ ያቺን ቃል ባነበበ ቁጥር ብዕሩን ይወረውራል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በብርድ ወራት የረጋው የወንዙ በረዶ በሚሰባበርበት ሰሞን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የነበሩ ሰባት ሰዎች እዚያው ወንዝ ውስጥ ሰጥመዋል። አንዷ የጀልባ ቀዛፊው የዩስ ማትስ ልጅ ነበረች። ማትስ ዛሬም ያንኑ ወንዝ ይቀዝፋል፤ ምን ያድርግ፣ ሌላ መሻገሪያ የለ።

ማትስ የመንደሩ ሽማግሌም ነው። እንደ አገሩ ገበሬ ሁሉ አንቱ የሚለው ሰው የለም፤ ቄሱም አንተ፣ ጳጳሱም አንተ፣ አገረ ገዢውም አንተ ነው።

«ግባ አክሴል! መሃል ላይ ተቀመጥ፤ ይሄ ሆድህ ይገለብጠናል!» ይለዋል።

ባሮኑ መጀመሪያ ላይ ደሙ ይፈላ ነበር፤ ኋላ ለመደው።

በዚያ በጋ ንጉሡ ሊመጡ ነው ተባለ። ልመናውን ወንዙ ዳር ቆመው ከገበሬው አፍ ከሰሙ፣ ድልድዩ ተሠራ ማለት ነው። ግን እነዚህ ባለጌዎች ንጉሡንም «አንተ» ቢሏቸውስ? ባሮኑ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ማትስን አስጠርቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስጠናው።

«‹ግርማዊነትዎ› በል።»

«ለምን? ሰውየው ስም የለውም እንዴ?»

«ማትስ!»

«አባቴ የሱን አባት ‹አንተ› ብሎታል። ማንም አልሞተም።»

«ድልድዩን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ማትስ ራሱን አከከ። «ለድልድዩ ከሆነስ ፈረስህንም አንቱ እለዋለሁ» አለ።

ንጉሡ መጡ። ከሠረገላቸው ወርደው እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ። ማትስ ላብ አጥምቆት፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ግርማዊነትዎ… እርስዎ… በታላቅ ትሕትና… ድልድይ እንዲያሠሩልን እንለምንዎታለን።»

የንጉሡ ሳቅ ጠፋ። «አባቴን ‹አንተ› ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም? ‹እንደ ሰው የሚያናግረኝ የዳላርና ገበሬ ብቻ ነው› እያሉ እስኪሞቱ ያወሩ ነበር። እኔም ያንን ልሰማ ነው የመጣሁት።» ወደ ባሮኑ ዞሩ። «ይህን ያስጠናሃቸው አንተ ነህ?»

«ለሥርዓት ብዬ ነው፣ ግርማዊነትዎ።»

«እንግዲያው የድልድዩንም ልመና ያስጠናሃቸው አንተ ነህ።»

«ኧረ አይደለም! ሰባት ሰው እኮ…» አለ ባሮኑ፤ ንጉሡ ግን ሠረገላው ላይ ወጥተዋል። ባሮኑ አንድ ነገር እንዲናገር ማትስን በዓይኑ ለመነው። ማትስም ሳይጠየቅ እንዳይናገር ተነግሮት ስለነበር ባርኔጣውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው።

በመስከረም ደብዳቤ መጣ። ልመናው የአገረ ገዢው እንጂ የሕዝቡ ስላልሆነ ድልድዩ ቀርቷል ይላል። ባሮኑ ወረቀቱን ጨምድዶ ወረወረው፤ መልሶ አነሣው። ከዚያ ለማትስ ራሱ ሊነግረው ወደ ወንዙ ወረደ።

ማትስ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ልጁ የሰጠመችበትን ቦታ ሲያይ ቆየ። ባሮኑ ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣለት እንዴት ደስ ባለው!

«ስደበኝ እንጂ ማትስ! የፈለግከውን በለኝ!»

ማትስ ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ጀልባዋን ያዘለት።

«ይግቡ፣ ክቡርነትዎ» አለ። «እባክዎ መሃል ላይ ይቀመጡ።»